«ካሳብላንካ» ከፊልም ኗር ወገን ይቈጠራልን?

ስም ማውጣት መፍረድ ነው። አንድን የጥበብ ሥራ በስም የጠራ ሰው ከወገኑ ጋር አስቀመጠው፤ ከወገኑ ጋር ያስቀመጠውንም በዚያው ወገን መለኪያ ይመዝነዋል። ስሙ የተሳሳተ እንደ ሆነ ፍርዱም ይሳሳታል። ማርን በጨው ጣዕም የሚፈትን ሰው ማሩን ሳያውቀው ይቀራል እንጂ በማሩ ላይ ጕድለት አያገኝም። ስለዚህ «ይህ ሥራ ከየትኛው ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሥራ ፈቶች ክርክር አይደለም። ስለ ፊልም ጥበብ በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ፥ በ1942 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሠራው «ካሳብላንካ» የተባለው ዝነኛ ፊልም፥ ፈረንሳዮች «ፊልም ኗር» ብለው ከሰየሙት ወገን ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዓመትና ወር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

«ኗር» በፈረንሳይኛ ጥቍር ማለት ነው። ጥቍረቱም የሰው መልክ ሳይሆን የታሪኩና የልቡ ጨለማ ነው። ስሙ የወጣበት ምክንያት እንዲህ ነው። ጀርመኖች ፈረንሳይን ይዘው በነበሩበት ዘመን የአሜሪካ ፊልም ወደ ፓሪስ መግባቱ ተቋርጦ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፥ በ1946 ዓ.ም. የብዙ ዓመት ፊልም ባንድ ጊዜ በደረሰ ጊዜ፥ የፓሪስ ሰዎች አሜሪካ በመካከሉ ሌላ ዐይነት ታሪክ መናገር እንደ ጀመረች አስተዋሉ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሙሴ ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ «የማልታ ጭልፊት»ን፥ «ሎራ»ንና «ድርብ ካሳ»ን የመሳሰሉትን ተመልክቶ፥ የእነዚህን ጨለማነት ለይቶ በዚህ ስም ጠራ። «ካሳብላንካ» ስሙ ከወጣላቸው ከእነዚያ ፊልሞች መካከል አልነበረም። ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. ሬይሞን ቦርድና ኤትየን ሾምቶን የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ስለ አሜሪካ ፊልም ኗር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተሙ፤ የወገኑንም ጠባይ ሲዘረዝሩ ሕልም መሰልነትን፥ እንግዳነትን፥ ፍትወትን፥ ሁለት ልብ መሆንንና ጭካኔን ቈጠሩ።

ከዚያ ወዲህ የወገኑ ምልክት በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ሆነ። ሌሊት ነው፤ ጎዳናው በዝናብ ርሷል። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ይመጣና የመስኮቱን መጋረጃ ጥላ በሰው ፊት ላይ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ያሰምረዋል። ሕግ አስከባሪው ከሕግ አፍራሹ አይለይም። መልከ መልካም ሴት ትመጣለች፤ ሰውየውም እሷን ተከትሎ ይጠፋል። የቀድሞ በደሉ ከሄደበት ተመልሶ አንገቱን ይይዘዋል። ከሁሉም በላይ፥ ሰውየው መረጥሁ ባለ ቍጥር ቀድሞ ወደ ተዘጋጀለት ጕድጓድ አንድ እርምጃ ይቀርባል።

አሁን የ«ካሳብላንካ»ን ታሪክ ባጭሩ መናገር ይገባል። ነገሩ የሚፈጸመው በሞሮኮ፥ በካሳብላንካ ከተማ፥ በ1941 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር መጀመሪያ ነው። ከተማይቱን የሚገዛት ለጀርመን ያደረው የቪሺው የፈረንሳይ መንግሥት ነው። ከናዚዎች የሸሹ ስደተኞች ወደ ሊዝቦን፥ ከዚያም ወደ አሜሪካ ለመሻገር የይለፍ ወረቀት ፍለጋ ይንከራተቱባታል። ሪክ ብሌን የተባለ አንድ አሜሪካዊ በዚያ የምሽት መጠጥ ቤትና የቁማር ቤት አለው። ከእንግዶቹ ጋር አይጠጣም፤ ለማንም ሰው ብሎ ራሱን አደጋ ላይ እንደማይጥል ይናገራል። ሁለት የጀርመን መልእክተኞች ተገድለው ከእነርሱ የተወሰደው ሁለት የይለፍ ወረቀት ኡጋርቴ በሚባል ወረቀት ነጋዴ በኩል በሪክ እጅ ይገባል። ወዲያውም ሪክ ቀድሞ በፓሪስ የወደዳት፥ በባቡር ጣቢያም ጥላው የቀረች ኢልሳ፥ ከባሏ ከቪክቶር ላዝሎ ጋር ትመጣለች። ላዝሎ ከናዚ ማጎሪያ ያመለጠ የአርበኞች መሪ ነው። ወረቀቱ ሁለት፥ ሰዎቹ ግን ሦስት ናቸው። በመጨረሻ ሪክ ወረቀቱን ለባልና ሚስቱ ይሰጣል፤ በረራውን ሊያግድ የመጣውን የጀርመን ሻለቃ ስትራሰርን ይገድላል፤ ራሱም ከከተማው የፖሊስ አለቃ ከሻምበል ሬኖ ጋር በጉም ውስጥ ይቀራል።

ፊልሙ ኗር ነው የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ማስረጃ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ የሠሩትን እጆች ይቈጥራሉ። ሥዕሉን ያነሣው አርተር ኤድሰን ከአንድ ዓመት በፊት፥ በ1941 ዓ.ም.፥ «የማልታ ጭልፊት»ን ያነሣ ሰው ነው፤ ያም ከፊልም ኗር አባቶች አንዱ ነው። ሪክን ሆኖ የተጫወተው ሃምፍሪ ቦጋርት፥ ከእርሱም ጋር ሲድኒ ግሪንስትሪትና ፒተር ሎሬ፥ ሦስቱም ከዚያው ፊልም የመጡ ናቸው። የጥላ ጥበብ ደግሞ ከጀርመን ነው የመጣው ይላሉ፤ እውነትም ነው። ሻለቃውን ሆኖ የተጫወተው ኮንራድ ፋይት በ1920 ዓ.ም. በጀርመን በተሠራው በ«ዶክተር ካሊጋሪ» የተጫወተ ነበር፤ ሎሬም በ1931 ዓ.ም. ፍሪትዝ ላንግ በሠራው «ኤም» በተባለው ፊልም ነፍሰ ገዳዩን ሆኖ የተጫወተ ነው። ሁለቱም ሂትለር ሥልጣን በያዘ ጊዜ ከጀርመን ወጥተው በመጨረሻ አሜሪካ የገቡ ናቸው።

ቀጥለው ሥዕሉን ይጠቅሳሉ። ሪክ ከገንዘብ ሣጥኑ ገንዘብ ሲያወጣ ሰውየው ራሱ ሳይሆን ጥላው ብቻ በግድግዳው ላይ ይታያል። የአውሮፕላን ማረፊያው መብራት እየዞረ በየጊዜው ቤቱን በብርሃን ይጠርገዋል፤ በጨለማ የተቀመጠውም ሰው ባንድ አፍታ ታይቶ ባንድ አፍታ ይሰወራል። ሪክ ብቻውን በሌሊት ጠርሙስ ይዞ ሲቀመጥ፥ ያለፈው የፓሪስ ዘመን እንደ ሕልም ተመልሶ ይመጣበታል። ከዚያም ታሪኩን ያነሣሉ። ነፍስ ግድያ አለበት፤ የተሰረቀ ወረቀት አለበት፤ ጉቦ የሚበላ፥ በስደተኛ ሴቶችም ችግር የሚነግድ የፖሊስ አለቃ አለበት፤ ሴቲቱም በመጨረሻ ሽጕጥ አውጥታ በቀድሞ ወዳጇ ላይ ትደግናለች። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ኗር ካልተባለ ምን ሊባል ነው ብለው ይጠይቃሉ።

ይህን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ፊልም ኗር በምን የሚታወቅ ነገር ነው የሚለው ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሁለት ዐይነት መለያ እንዳለ ያውቃል። አንደኛው የሚቈጠር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ይህን ለመለየት ጆሮና ጣት ይበቃል፤ ስለ ምን እንደ ተቀኘ መጠየቅም አያሻም። ሁለተኛው የሚመረመር ነው። ሰምና ወርቅ በሁለት ቤትም ይገባል፥ በስምንት ቤትም ይገባል፤ ሰሙን ቈጥሮ ወርቁን ማግኘት ግን አይቻልም። ጀማሪ ተማሪ ሰሙን በሰማ ጊዜ ምሥጢሩን ያገኘ ይመስለዋል፤ መምህሩም «ወርቁስ?» ብሎ ይመልሰዋል።

ፊልም ኗር ጉባኤ ቃና ነውን? ይኸውም ጥላው፥ ዝናቡ፥ ሽጕጡና ሴቲቱ ተቈጥረው ልኩን ሲሞሉ ስሙ የሚገባው ነገር ነውን? ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባለቀ ነበር፤ «ካሳብላንካ»ም ገብቶ ባደረ። ነገር ግን ራሳቸው የወገኑ ተመራማሪዎች ይህን አይቀበሉም። አሜሪካዊው ፖል ሽሬደር በ1972 ዓ.ም. በጻፈው የታወቀ ሐተታ፥ ፊልም ኗር በታሪክ ዐይነትና በቦታ የሚወሰን ወገን ሳይሆን በድምፀቱና በመንፈሱ የሚታወቅ ነው ሲል አስረድቷል። እንግዲያስ ዳኛው ምልክቱን ቈጥሮ መፍረድ አይችልም፤ ምልክቱ ወዴት እንደሚያመለክት መከተል አለበት። የፊልም ኗር ወርቅ የተዘጋ በር ነው፤ ሰው በምኞቱ ተስቦ የገባበት፥ ካለፈው ሥራውም የተነሣ መውጫ ያጣበት በር ነው። «ካሳብላንካ» በዚህ ይፈተን።

የመጀመሪያው ፈተና ስለ ዕጣ ነው። በሪክ ቤት የቁማር መንኰራኵር አለ። መንኰራኵር ለኗር ጸሓፊ ከሁሉ የተመቸ ምሳሌ ነው፤ ሰው ገንዘቡን ያስቀምጣል፥ መንኰራኵሩ ይዞራል፥ ዕጣውም ይፈርድበታል። በ«ካሳብላንካ» ግን እንዲህ አልሆነም። አኒና የምትባል ከቡልጋሪያ የተሰደደች አዲስ ሙሽራ ወደ ሪክ ትመጣለች። ባሏ ለመውጫ ወረቀት የሚሆነውን ገንዘብ በቁማር ሊያገኝ እየሞከረ ሁሉን እየተበላ ነው፤ ሻምበል ሬኖም ወረቀቱን በሌላ ዋጋ እንደሚሰጣት ነግሯታል፤ ያ ዋጋ ክብሯ ነው። ሪክ ምንም ቃል አይገባላትም፤ እንዲያውም በሸካራ ቃል ይመልሳታል። ወዲያው ግን ወደ ቁማሩ ገበታ ይሄድና ወጣቱን በ22 ቍጥር ላይ እንዲያስቀምጥ ይነግረዋል። ኳሷ በ22 ላይ ታርፋለች። ገንዘቡን ሳያነሣ እንዲተወው ይነግረዋል፤ ሁለተኛም በ22 ላይ ታርፋለች። ከዚያም ገንዘቡን ይዞ እንዲሄድ፥ ዳግመኛም ወደዚያ ቤት እንዳይመለስ ያዘዋል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የፊልሙ መክፈቻ ቍልፍ ነው። በኗር ዓለም መንኰራኵሩን የሚያዞረው እጅ አይታይም፤ ሰውም አይደርስበትም። እዚህ ግን እጁ ታየ፤ የሪክ እጅ ነው፤ ያዞረውም ለምሕረት ነው። ዕጣ የተባለው ነገር አንድ ሰው ሊያጣምመውም ሊያቀናውም የሚችል ዕቃ ሆኖ ተገኘ። አኒና የኢልሳ ምሳሌ መሆኗንም ማስተዋል ይገባል፤ ሁለቱም ለባላቸው ሲሉ በሌላ ወንድ ፊት የቆሙ ናቸው። ሪክ ለታናሺቱ ያደረገውን በመጨረሻ ለታላቂቱ ያደርጋል።

ሁለተኛው ፈተና ስላለፈው ዘመን ነው፤ ፍርዱም በተለይ በዚህ ይጸናል። በፊልም ኗር ያለፈው ዘመን አሳዳጅ ነው። በ1947 ዓ.ም. ዣክ ቱርነር በሠራው «ካለፈው ዘመን» በተባለው ፊልም፥ አንድ ሰው ስሙን ለውጦ በትንሽ ከተማ ቤንዚን እየሸጠ ይኖራል፤ የቀድሞ ሥራው ግን በአንድ መንገደኛ ዐይን ተገልጦ ይደርስበትና እስከ ሞት ይወስደዋል። በ1944 ዓ.ም. በተሠራው «ድርብ ካሳ»ም ተራኪው ገና ሲጀምር ቈስሎ፥ በሌሊት በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ወንጀሉን ይናዘዛል፤ ተመልካቹ ታሪኩን ሳይሰማ መጨረሻውን ያውቃል። ያለፈው በደል ነው፤ የሚመለሰውም ሊገድል ነው።

የሪክ ያለፈ ዘመን ምንድን ነው? ሻምበል ሬኖ መዝገቡን አንብቦ ይነግረዋል፤ በ1935 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አሻግሯል፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ በእስፓንያ ከመንግሥቱ ታማኞች ጋር ተዋግቷል። ሪክ ለሁለቱም ዋጋውን እንደ ተቀበለ ሲመልስ፥ ሬኖ ደግሞ ድል አድራጊው ወገን ከዚያ የበለጠ ይከፍል እንደ ነበር ያስታውሰዋል። ይህ ንግግር በፊልሙ ሁለት ጊዜ የሚመለስ ነገር ነው። በመጀመሪያ የሚያነሣው ጉቦኛው ሬኖ ነው፤ በሁለተኛው ላዝሎ የይለፍ ወረቀቱን ሊገዛ ወደ ሪክ ክፍል በወጣ ጊዜ ያነሣዋል። አንዱ ሲያፌዝ፥ አንዱ ሲለምን፥ ሁለቱ ምስክሮች ባንድ ቃል ይመሰክራሉ፤ ይህ ሰው ሁልጊዜ ከተበደለው ጋር የቆመ ነው። በኗር ሰውየው መልካም መስሎ ይታያል፤ ያለፈው ሥራውም ክፉነቱን ያወጣበታል። በ«ካሳብላንካ» ግን ሰውየው ክፉ መስሎ ይታያል፤ ያለፈው ሥራው መልካምነቱን ያወጣበታል። ያለፈው ዘመን ተመልሶ መጣ፤ የመጣው ግን ሊያድነው ነው። አካሄዱ አንድ፥ መድረሻው ተቃራኒ ነው።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ቃል ከሌላው ሰው ይልቅ አጥብቆ ይሰማዋል። ሪክ ልብ ወለድ ሰው ነው፤ 1935 ዓ.ም. ግን ልብ ወለድ አይደለም። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት የገለልተኝነት ሕግ አውጥቶ ለተዋጊ አገሮች መሣሪያ ከአሜሪካ እንዳይወጣ ከለከለ፤ በኦክቶበር 3 ቀን የኢጣልያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። ሕጉ ለወራሪውና ለተወራሪው እኩል ነበር፤ ወራሪው ግን መሣሪያውን በራሱ ፋብሪካ የሚሠራ ስለ ሆነ ጕዳቱ የተወራሪው ሆነ። በዚያ ጊዜ ለኢትዮጵያ መሣሪያ ያሻግር ነበር የተባለ አሜሪካዊ እንግዲህ ከጥቅሙም ከአገሩም ሕግ ጋር የተጣላ ሰው ነው። የፊልሙ ጸሓፊዎች የአንድን ሰው ደግነት በአንድ ቃል ለማስረዳት ሲፈልጉ የመረጡት ቃል «ኢትዮጵያ» መሆኑ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ሬኖ ስለ ድል አድራጊው ወገን ሲናገር ነገሩ የተፈጸመና የተዘጋ ይመስለዋል። ሪክ በፊልሙ መጀመሪያ በሚፈርምበት ወረቀት ላይ የሚታየው ቀን ዲሴምበር 2 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ግን በዚያው ዓመት በሜይ 5 ቀን ነበር፤ በጎንደር የነበረው የመጨረሻው የኢጣልያ ጦርም እጁን የሰጠው በኖቬምበር 27 ቀን ነው። ሬኖ ስለ ተሸናፊው ወገን ሲያፌዝ፥ ያ ወገን ካሸነፈ ገና አምስት ቀን መሆኑ ነው። ፊልሙ ይህን አይናገርም፤ ምናልባት አላሰበውም ይሆናል። ነገር ግን ተሸነፈ የተባለው ሁሉ ተሸንፎ እንደማይቀር የሚያምን ታሪክ፥ የታሪክ መዝገብ ራሱ ባልጠበቀው ቦታ መስክሮለታል። የኗር መሠረት የጠፋው ጠፍቶ ቀረ የሚለው እምነት ነው፤ ይህ ፊልም በዚያ መሠረት ላይ አልተሠራም።

ሦስተኛው ፈተና ስለ ሴቲቱ ነው። የኗር ሴት ፍቅርን እንደ ወጥመድ ትዘረጋለች፤ በ«ድርብ ካሳ» ያለችው ፊሊስ ባሏን ለማስገደል ሌላውን ሰው እንደ መሣሪያ ይዛዋለች። ኢልሳ ግን ሪክን በፓሪስ የወደደችው ባሏ በማጎሪያ የሞተ መስሏት ነበር፤ በሕይወት መኖሩንም በሰማች ጊዜ ታሞ ነበርና ወደ እርሱ ሄደች። ለሪክ የላከችለት ደብዳቤ በዝናብ ርሶ ቀለሙ ይወርዳል፤ እርሱም ቃሉን እንጂ ምክንያቱን አያነብም። እነሆ የኗር ዝናብ አለ፤ የሸፈነው ግን ክፋትን ሳይሆን ታማኝነትን ነው። ሽጕጥ በደገነችበትም ጊዜ ልትተኵስ አልቻለችም፤ ወረቀቱንም የፈለገችው ለባሏ ሕይወት ነበር። አንሺውም ይህን ስለሚያውቅ የሌላውን ሰው ፊት በጥላ ሲከፍል የእርሷን ፊት ግን በለሰለሰ ብርሃን ያሳያል።

በመጨረሻም የእጅ ማስረጃ የሚያቀርቡትን በራሳቸው ማስረጃ መመለስ ይቻላል። «ካሳብላንካ»ን የመራው ማይክል ከርቲዝ የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ በ1945 ዓ.ም. በዚያው በዋርነር ኩባንያ «ሚልድረድ ፒርስ» የተባለውን ፊልም ሠርቷል፤ የሁለቱም ዜማ የማክስ ስታይነር ነው። «ሚልድረድ ፒርስ» በእውነት ከኗር ወገን የሚገባ ነው። በሌሊት በተተኰሰ ጥይት ይጀምራል፤ ሴቲቱ በፖሊስ ፊት ተቀምጣ ያለፈውን ትናገራለች፤ ለልጇ ያላት ልክ የሌለው ፍቅር ሁሉን ሰጥቶ፥ ሁሉን ሰብስቦ፥ በደም ይፈጸማል። አንድ እጅ ሁለቱን ሠራ፤ በአንደኛው ፍቅር አንቆ ያዘ፥ በሁለተኛው ፍቅር ፈትቶ ለቀቀ። እንግዲህ እጅ አንድ መሆኑ ሥራውን አንድ ወገን አያደርገውም። ያው ቀራጭ ከአንድ ግንድ አትሮንስም መዝጊያም ያወጣል።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል፤ ሁለቱም ሊሰሙ ይገባቸዋል። አንደኛው «በ‹የማልታ ጭልፊት› ሳም ስፔድ የሚወዳትን ሴት ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣል፤ እርሱም ምኞቱን ክዷልና ምን ልዩነት አለው?» የሚል ነው። ልዩነቱ ከክህደቱ በኋላ በቀረው ነገር ነው። ስፔድ ሴቲቱን አሳልፎ የሰጣት ባልንጀራውን ስለ ገደለች ነው፤ በእጁ የቀረው ግን ብዙ ሰው የሞተበት፥ ዕንቍ ነው ሲባል እርሳስ ሆኖ የተገኘ ምስል ነው። ሪክ ሴቲቱን የለቀቃት የባሏ ሥራ ከእርሱ ደስታ እንደሚበልጥ ስላመነ ነው፤ የቀረውም ቀድሞ ትቶት የነበረው ትግል ነው። አንዱ በሩን ዘግቶ ወጣ፤ አንዱ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም መጨረሻው ኀዘን ነው፥ ሰውም ተገድሏል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሪክ ዋሽቷል፥ ገድሏል፥ የወደዳትንም አጥቷል፤ ሕጉም በሬኖ ዝምታ ታልፏል። ነገር ግን ኀዘን ሁሉ ጨለማ አይደለም። ኗር የሚያሳዝነው ሰው ማድረግ ያልፈለገውን እንዲያደርግ በምኞቱ ስለ ተገደደ ነው፤ የሪክ ኀዘን የሚያድገው ማድረግ የሚገባውን ስላደረገ ነው። የቤቱ ሙዚቀኞች የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር ይመቱ ዘንድ ላዝሎ ባዘዘ ጊዜ፥ ሙዚቀኞቹ አስቀድመው ወደ ሪክ ይመለከታሉ፤ እርሱም ራሱን ብቻ ነቅነቅ ያደርጋል። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ይዘምራል፤ የጀርመኖቹም ድምፅ ይዋጣል። ከዘመሩት ተዋንያን መካከል ከናዚ ሸሽተው የመጡ እውነተኛ ስደተኞች ነበሩ። የኗር ሰው ብቻውን ይጠፋል፤ ይህ ሰው በአንድ ንቅናቄ ወደ ሕዝብ ተመለሰ።

የመጨረሻውም ጉም እንዲሁ ነው። አውሮፕላኑ ተነሥቷል፤ ሬኖ የቪሺን ውሃ ጠርሙስ ከቆሻሻ ቅርጫት ጥሏል፤ ሁለቱ ሰዎች በረጠበው ሜዳ ጐን ለጐን እየሄዱ በጉሙ ይሰወራሉ። ይህን ጉም አንድም የማይታወቅ መጨረሻ ነው ቢሉት ያስኬዳል፤ በዚያ ጊዜ ጦርነቱ ገና አላለቀምና። አንድም መሸሸጊያ ነው ቢሉት ይሆናል፤ ወደ ትግል የሚሄድ ሰው መንገዱ ሊታይበት አይገባምና። መውጫ የሌለው ግድግዳ ነው ቢሉት ግን አያስኬድም፤ ሰዎቹ እየሄዱበት ነውና። በጉም የሚሄዱ ሁለት ናቸው፤ አንደኛውም እስከ ትናንት ሌባ የነበረ፥ ዛሬ ግን የተለወጠ ሰው ነው። ሰው የሚለወጥበት ታሪክ የኗር ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። «ካሳብላንካ» ሰሙን ከፊልም ኗር ጎረቤት ወስዷል፤ ወርቁ ግን ሌላ ነው። ጥላውን፥ ሌሊቱን፥ ጉሙንና ያለፈውን ዘመን የተዋሰው የሰው ምርጫ የሚታይበትን ጨለማ ለማግኘት ነው፤ መብራት የሚታወቀው በሌሊት ነውና። እነዚህን ዕቃዎች ስላየ ብቻ ኗር ነው የሚል ሰው የሪክን ምርጫ ወደ ዕጣ ይለውጠዋል፤ መስጠቱን ማጣት ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፊልሙ የሚጐዳ ባይሆንም ተመልካቹ ይጐዳል፤ አንድ ሰው ሊያደርገው የሚችለውን አይቶ ሳለ ያየው የደረሰበትን ብቻ መስሎት ይወጣልና።

ፊልሙ በ1944 ዓ.ም. በተሰጠው የአሜሪካ የፊልም ሽልማት ምርጥ ፊልም ተብሎ፥ በመሪነቱና በድርሰቱም ሦስት ሽልማት ተቀብሏል፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለትውልድ እንዲጠበቁ ካስመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ ሃያ አምስት ፊልሞች አንዱ ሆኗል። ይህን ሁሉ ክብር ያገኘው ጥላው ከሌላው ስለ ጠቈረ አይደለም። ከእርሱ የጠቈረ ጥላ ያላቸው ብዙ ናቸው። ከዚያ ጥላ ወጥቶ የሄደ ሰው ያለበት ግን ጥቂት ነው።